የድሮ ሮክ ጊታር ድምፅ በፋይል ሲነሣ፦ ምን ይያዛል፣ ምን ያመልጣል?

በ1980 ኤሲ/ዲሲ የተባለው የሮክ ባንድ ባሃማስ ናሳው ወደሚገኘው ኮምፓስ ፖይንት ስቱዲዮ ገብቶ «ባክ ኢን ብላክ» የተባለውን አልበሙን ቀዳ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ አልበም ላይ የሚሰማውን የባንዱን ጊታሪስት የአንገስ ያንግን የጊታር ድምፅ ለማግኘት ብዙ ጊታሪስት ለብዙ ዓመት ደክሟል። ሰዎች እሱ የሚጫወትበትን ጊብሰን ኤስጂ ገዙ፣ ማርሻል አምፕ (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላውን መሣሪያ) ገዙ፣ ስፒከሩን በዓይነቱ እየለዩ አስገቡ። ድምፁ ይቀርባል እንጂ አይደርስም። የጎደለው ነገር በኋላ ሲታወቅ ጊታርም አምፕም አልነበረም። ያንግ መድረክ ላይ ገመድ ሳይጎትት ለመሮጥ ኬን ሻፈር የተባለ አሜሪካዊ የሠራውን ገመድ አልባ ማስተላለፊያ ይጠቀም ነበር፤ ያንኑ መሣሪያ ስቱዲዮም ይዞት ገባ። ማስተላለፊያው ሲግናሉን በሬዲዮ ከመላኩ በፊት ያምቀዋል፣ ከተቀበለ በኋላ መልሶ ይዘረጋዋል፣ እግረ መንገዱንም ኃይል ይጨምርለታል። ማርሻሉ ጋ የሚደርሰው ከጊታሩ የወጣው ሲግናል ሳይሆን በዚህ ሁሉ ያለፈው ነው።

ዛሬ የድሮ አምፕ ድምፅ እንደ ፎቶ «ይነሣል»። ፕሮፋይል ወይም ካፕቸር ይሉታል። አንድ ሰው ለንደን ወይም ናሽቪል ውስጥ ያለውን የ1968 ማርሻል ያነሣል፤ አዲስ አበባ ያለ ጊታሪስት ከአንድ ሜጋባይት በታች የሆነች ፋይል አውርዶ በላፕቶፑ ይጫወትበታል። ነገሩ በእውነት ድንቅ ነው፤ እኔም በየቀኑ የምጠቀምበት ነው። ይሁንና ፋይሉን ከፍቶ «የአንገስ ያንግ ድምፅ የታለ?» የሚል ሰው በዝቷል፣ መልሱም ያ የናሳው ታሪክ ውስጥ አለ። ፕሮፋይል አንድ መሣሪያ ያነሣል። የምንወደው ድምፅ ግን ከጣት ተነሥቶ እስከ ቴፑ ድረስ የተዘረጋ ሰንሰለት ነው። የትኛውን ቀለበት እንደያዝን የትኛው እንደቀረ ካላወቅን አንዱን ፋይል ጥለን ሌላውን ስናነሣ ዕድሜያችን ያልቃል።

ድምፁ ከየት እንደመጣ እንይ። የዚያን ዘመን አምፕ የሚሠራው በቫልቭ ነው፤ በትልልቆቹ የጥንት ሬዲዮኖች ጀርባ ቀላ ብሎ ሲግል የምናውቀው የመስታወት ቱቦ ማለት ነው። ሠሪዎቹ ያሰቡት የጊታሩን ድምፅ ሳይለውጥ እንዲያጎላ ነበር። ቫልቭ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ግን የሞገዱ አናት ይቆረጣል፤ አናቱ የተቆረጠ ሞገድ ደግሞ መጀመሪያ ያልነበሩ ሌሎች ድምፆችን በላዩ ላይ ይወልዳል። ዲስቶርሽን የምንለው ይህን ነው። በገና የሰማ ጆሮ ይህን ውበት ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ስትወጣ አውታሩ የጠራ ግን የሳሳ ድምፅ ይሰጣል፤ ስትገባ ያ የሚነዝር፣ ሆድ የሚያባባ ድምፅ ይመጣል። እንዚራም የተቆረጠ ቫልቭም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው፤ አውታሩ ብቻውን ያልነበረውን ድምፅ ይጨምሩበታል።

በ1962 ለንደን ሃንዌል ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ የነበረው ከበሮ መቺ ጂም ማርሻል፣ ከኬን ብራንና ከዱድሊ ክሬቨን ጋር ሆኖ ፌንደር ባስማን የተባለውን የአሜሪካኖቹን አምፕ ሰርኪዩት ገለበጠ። ትራንስፎርመሩም ቫልቩም እንግሊዝ አገር በሚገኝ ዕቃ ተተካ፤ ስፒከሮቹ በአሜሪካው ጀርባው ክፍት በሆነ ሳጥን ፋንታ አራት ባለ 12 ኢንች ሴሌስሽን ሆነው በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ገቡ። ጄቲኤም 45 ይባላል። ግልባጭ ሆኖ ተነሥቶ ሌላ ድምፅ ወጣው። በ1966 ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜዮል ብሉዝብሬከርስ ጋር ዴካ ስቱዲዮ ሲገባ ጊብሰን ሌስ ፖሉን ማርሻል ኮምቦ (አምፑና ስፒከሩ በአንድ ሳጥን የሆነ) ላይ ሰክቶ ክለብ ውስጥ በሚያጮኸው መጠን አጮኸው። ቀንስ ሲባል እምቢ አለ፤ ባለሙያዎቹ ማይኩን ለዚያ ጩኸት እንዲያመቻቹ ተገደዱ። የሮክ ጊታር ድምፅ ከዚያ ወዲያ ከጩኸቱ ጋር ተጋባ።

ለእኛ ትልቁ ችግር ይኸው ጋብቻ ነው። ባለ 100 ዋቱ ማርሻል ከስምንት ስፒከር ጋር የተሠራው ለመድረክ ነው። ድምፁ የሚያምረው ሲከፈት፣ ሲከፈት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ከግድግዳው ማዶ ሕፃን ተኝቶ፣ ያን የመሰለ አምፕ ማን ይከፍታል? ዲጂታሉ ፍለጋ የተጀመረው ከዚህ ጭንቀት ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ሰርኪዩቱን ማንበብ ነበር። መሐንዲሱ እያንዳንዱ ቫልቭና ኮንደንሰር የሚሠራውን በሒሳብ ይጽፈዋል፣ ኮምፒውተሩ ያሰላዋል። በ1998 የወጣው የላይን 6 ቀይ ፖድ፣ ቀጥሎም በ2006 የመጣው የፍራክታል አክስ-ኤፍኤክስ የዚህ መንገድ ልጆች ናቸው። ሁለተኛው መንገድ ሳጥኑን ጨርሶ አይከፍትም። ቀድሞ ቫይረስ የተባለውን ሲንተሳይዘር የሠራው ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ኬምፐር በ2011 ያቀረበው ማሽን ወደ አምፑ ለጆሮ እንግዳ የሆነ የጩኸትና የትርታ ቅደም ተከተል ይልካል፤ በማይኩ የተመለሰውን ያዳምጣል፣ ከላከው ጋር ያስተያያል፤ ከደቂቃዎች በኋላ አምፑ «ተነሥቷል»።

ከዚያ የማሽን ትምህርት ዘመን መጣ። የፊንላንዱ ኒውራል ዲኤስፒ የሠራው ኳድ ኮርቴክስ፣ የጣሊያኑ አይኬ መልቲሚዲያ በ2022 ያወጣው ቶኔክስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስቲቨን አትኪንሰን የጀመረውና ለማንም ክፍትና ነጻ የሆነው ኒውራል አምፕ ሞደለር፤ በአጭሩ ናም። አሠራሩ ለመግለጽ ቀላል ነው። ሦስት ደቂቃ ገደማ የሚሆን የተዘጋጀ የድምፅ ፋይል አምፑ ውስጥ ይለቀቃል፣ የወጣው ይቀዳል። ኮምፒውተሩ የገባውንና የወጣውን ጎን ለጎን አድርጎ ይማራል፤ ይገምታል፣ ይስታል፣ ስሕተቱ ይለካል፣ ቁጥሮቹን በጥቂቱ ያስተካክላል፣ እንደገና ይገምታል፤ ስሕተቱ ጆሮ የማይለየው እስኪሆን ድረስ። አምፑ በውስጡ ምን እንዳለ ማንም አልነገረውም።

ይህ «አለማወቅ» ትልቅ በረከት ነው፤ በቂ ክብር ያልተሰጠውም ይመስለኛል። በ1964 የኪንክስ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ የትንሽ አምፑን ስፒከር በምላጭ ቀደደው፣ ከዚያም ያ የተቀደደ ድምፅ በዘፈን ወጣ። የሰርኪዩት ሥዕል አንብቦ የሚያሰላ መሐንዲስ የምላጭ ቅዳድ ሥዕሉ ላይ አያገኝም። ፕሮፋይል ግን የፋብሪካውን ስፒከርና የተቀደደውን አይለይም፤ የሰማውን ያነሣል። ያረጀ ቫልቭ፣ የተለወጠ ሬዚስተር፣ በጥገና የተሳሳተ ሽቦ፣ አንድን አምፕ ከሌላው የለየው እንከን ሁሉ አብሮ ይገባል። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማ እውነተኛውን ከፋይሉ መለየት ያቃተኝ ብዙ ጊዜ ነው።

አሁን የማይገባውን እንይ። የመጀመሪያው ቀላል ነው፦ ፎቶ አንድ ቅጽበት ነው። አምፑ ሲነሣ ማዞሪያዎቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ይቀራል። ቮሊዩሙን ከ4 ወደ 7 ብታዞር እውነተኛው አምፕ ጠባዩ ይለወጣል፤ ፋይሉ ላይ የምታዞረው ግን ፋብሪካው በላዩ የጨመረውን ማስተካከያ ነው። ኬምፐር በ2023 ያመጣው ሊኩዊድ ፕሮፋይሊንግ ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው፤ ኒውራል ዲኤስፒም የአምፕ ማዞሪያዎችን እየዞረ በብዙ ሺህ አቀማመጥ የሚቀዳ ሮቦት ሠርቷል። ይህ ችግር እየተፈታ ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ጂሚ ሄንድሪክስን አስቡ። በለንደኑ ኦሊምፒክ ስቱዲዮ ከቀረጻ ባለሙያው ኤዲ ክሬመር ጋር ሲቀዳ ጊታሩ ከአምፑ ጋር በአንድ ክፍል ነበር። ማርሻሉ ሲጮህ አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ አየሩ የጊታሩን እንጨትና ክር ያንቀጠቅጣል፤ የተንቀጠቀጠው ክር ተመልሶ አምፑ ውስጥ ይገባል። ያ ሳይመታ የሚያለቅስ፣ ሳይነካ የሚዘፍን ኖታ የሚወለደው በዚህ ዙር ነው። ጊታሪስቱ አንድ እርምጃ ወደ ስፒከሩ ሲጠጋ ሌላ ኖታ ይነሣል። አምፑ የመጨረሻ ጣቢያ ሳይሆን መልስ የሚሰጥ ባልንጀራ ነበር። በሄድፎን የምንጫወትበት ፋይል ምንም ያህል ቢመስል ክሩን አይነካውም። ዙሩ ተቆርጧል። ብዙ ሰው «ፋይሉ ሕይወት የለውም» ሲል ስለ ፋይሉ ጥራት የሚናገር ይመስለዋል፤ እኔ ግን በአብዛኛው የሚናፍቀው ይህን መልስ ይመስለኛል። መድኃኒቱ ሌላ ፋይል አይደለም። ያንኑ ፋይል በስፒከር ከፍ አድርጎ ከፊቱ መቆም ነው።

ከዚሁ ሰው ሳንወጣ፣ እግሩ ሥር ያለችውን ክብ ፔዳል፣ ፈዝ ፌስን እንይ። ሄንድሪክስ የጊታሩን ቮሊዩም በትንሹ ሲቀንስ ያ የሚቀደድ ድምፅ ወዲያው እንደ ደወል ይጠራ ነበር። ይህ የሚሆነው ፔዳሏ የጊታሩን ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን) በኃይል ስለምትጫነው ነው፤ የፒክአፑ ጥቅልል ሽቦና የፔዳሏ መግቢያ እንደ አንድ ሰርኪዩት ይሠራሉ። ፕሮፋይል ሲነሣ ግን ወደ ፔዳሏ የሚገባው ከሳውንድ ካርድ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር ከሚያስገባውና ከሚያወጣው መሣሪያ) የወጣ ጠንካራ ሲግናል ነው፤ ፒክአፑ እዚያ የለም። ስለዚህ የፈዝ ፌስ ፋይል ሙሉ ቮሊዩም ላይ ልክ እውነተኛውን መስሎ፣ ቮሊዩም ሲቀነስ ግን ባዕድ ይሆናል። ፔዳሏን ራሷን ማግኘት የቻለ ሰው ከፋይሉ በፊት ቢሰካት ይሻለዋል፤ ይህች መሣሪያ ርካሽ ቅጂዋም እንኳ ከጥሩ ፋይል ትበልጣለች።

በ1978 የወጣው የቫን ሄለን የመጀመሪያ አልበም ሌላ ትምህርት አለው። ኤዲ ቫን ሄለን ማርሻሉን በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት አልሰካውም፤ ቮልቴጅ በሚለዋውጥ ትራንስፎርመር አሳልፎ ወደ 90 ቮልት አካባቢ አወረደው። የተራበ አምፕ ድምፁ ቶሎ ይሰበራል፣ ለጣትም ይለሰልሳል። የመብራት ኃይል ሲወርድ አምፖል ሲደክም፣ ሬዲዮ ሲያንቀላፋ ለምናይ ሰዎች ይህ ለመረዳት አያስቸግርም፤ ግን ማንም ቤቱ ውስጥ በአሮጌ አምፕ እንዳይሞክረው፤ ለአምፑም ለሰውም አደገኛ ነው። ይህ የወረደ ቮልቴጅ በፕሮፋይል ይያዛል፣ በተለይ የተነሣው አምፕ በዚያው ሁኔታ ከቆመ። የማይያዘው በሎስ አንጀለሱ ሰንሴት ሳውንድ ስቱዲዮ የቀረጻ ባለሙያው ዶን ላንዲ ያደረገው ነው፦ ጊታሩን በአብዛኛው ወደ ግራ ጆሮ አድርጎ የማሚቶውን ክፍል ድምፅ ወደ ቀኝ ለቀቀው። ያ አልበም «ትልቅ ክፍል» የሚመስለን በዚህ ነው። ፕሮፋይል ረጅም ማሚቶና የተደጋገመ ድምፅ አያነሣም፤ የሚያስታውሰው እጅግ አጭር ጊዜ ነው። ማርሻሉን ያለ ማሚቶው የጫነ ሰው ድምፁ ደረቀብኝ ይላል። አምፕ ከመቀየሩ በፊት ማሚቶውን ይጨምር።

ስፒከሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ ነገር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በኃይል ያዳፍናል። ያ ማዳፈን ባይኖር ዲስቶርሽን የተቆጣ የንብ ቀፎ ይመስላል። ስለዚህ የአምፑ ብቻ የሆነ ፋይል ሲጫን የስፒከርና የማይክ ፋይል ከኋላው መግባት አለበት፤ ኢምፐልስ ሪስፖንስ ወይም አይአር ይባላል። ሹር ኤስኤም57 የሚባለው ማይክ ከስፒከሩ መሐል ሁለት ጣት ወደ ጎን ሲንቀሳቀስ ድምፁ የሚለወጠው መጠን አምፑን ራሱን ከመለወጥ አይተናነስም። ሰዎች አሥር የማርሻል ፋይል እያወረዱ አንድ አይአር ይዘው ይቀመጣሉ። በተቃራኒው ቢያደርጉት፣ አንድ ጥሩ ማርሻል ይዘው አሥር አይአር ቢሞክሩ፣ ወደሚፈልጉት ቶሎ ይደርሱ ነበር።

የመግቢያ መጠንም እንዲሁ። ፋይሉ ሲነሣ የገባው ሲግናል አንድ ዓይነት ጉልበት ነበረው። አንተ ሳውንድ ካርድህ ላይ ያለውን ጌይን ከፍ አድርገህ ብትሰካ ፋይሉ አምፑ በእጥፍ የተገፋ ይመስለዋል፤ ጥርት ያለው ድምፅ ይሰበራል፣ የተሰበረው ይጨማለቃል። ጊታሩን በጊታር መግቢያው ሰክቶ ጌይኑን ዝቅ ማድረግ፣ ድምፁ ሲያንስ ከመውጫው መጨመር ይሻላል። ስለ መዘግየት የሚጨነቅም አለ፤ በሰከንድ 48,000 ናሙና ሲወሰድ፣ 64 ናሙና የሚይዝ በፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለቅጽበት የሚያጠራቅምበት ቦታ) የሚያዘገየው 1.3 ሚሊሰከንድ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ጠቅላላ መዘግየቱ 5 ሚሊሰከንድ ቢደርስ እንኳ ከአምፕ አንድ ሜትር ከሰባ ርቆ እንደመቆም ነው። መድረክ ላይ ሁልጊዜ ከዚያ በላይ እንርቃለን።

ጆሯችንም ራሱ ያታልለናል። ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ከመሐከለኛው ይልቅ ይዘነጋል። ሌሊት በሄድፎን ዝቅ አድርጎ ድምፁን ያስተካከለ ሰው የጎደለ የመሰለውን ወፍራምና ቀጭን ይጨምራል፤ ቅዳሜ መድረክ ላይ ሲከፍተው ቤዙን ይውጣል፣ ጆሮ ይወጋል። ለመድረክ የሚሆን ድምፅ በመድረክ መጠን ነው የሚስተካከለው።

ነገሩን ይበልጥ አጣዳፊ የሚያደርገው የቫልቭ እጥረት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የአምፕ ቫልቭ የሚሠሩ ፋብሪካዎች በጣት ይቆጠራሉ፦ የስሎቫኪያው ጄጄ፣ የቻይና ፋብሪካዎች፣ በሩሲያ ሳራቶቭ ያለው። በመጋቢት 2022 ሩሲያ የወጪ ንግድ እገዳ ስታውጅ ከሳራቶቭ የሚመጣው ቫልቭ ጥያቄ ውስጥ ገባ፣ ዋጋም ናረ። የ1960ዎቹ አምፖች በየዓመቱ ያረጃሉ፤ ትራንስፎርመሩ ሲቃጠል የሚተካው የዚያው ዘመን ዕቃ አይገኝም። አንድ አምፕ ደህና ሆኖ ሳለ የተነሣ ፋይል፣ አምፑ ሲሞት ከጎኑ የሚቀር ምስክር ነው።

እኛ ጋ ስመጣ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ማርሻል ሺህ ጊዜ ተነሥቷል። የአዲስ አበባ የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ጊታር ግን፣ በአምሃ ሪከርድስና በካይፋ ሸክላዎች ላይ የምንሰማው፣ ዋሊያስ ባንድ ሂልተን የተጫወተበት፣ ሰላም ስዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ያሰማን፣ እኔ እስከማውቀው በሸክላና በካሴት እንጂ በፋይል የለም። ከሸክላ ላይ ፕሮፋይል ማንሣት ደግሞ አይቻልም፤ ለትምህርቱ የገባው ሲግናልና የወጣው ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ከሸክላው ላይ ያለን የወጣው ብቻ ነው፣ እሱም ከቤዝ፣ ከኦርጋንና ከሳክስፎን ጋር ተደባልቆ። አምፑ ራሱ በሕይወት መኖር አለበት።

በሆቴል መጋዘን፣ በቀበሌ ኪነት ቡድን የዕቃ ክፍል፣ በጡረተኛ ሙዚቀኛ ሳሎን ጥግ የተቀመጠ አሮጌ ቫልቭ አምፕ የምታውቁ ከሆነ በቀጥታ ሶኬት ላይ አትሰኩት። በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለ፤ ከተነቀለ በኋላም ኮንደንሰሮቹ ውስጥ ይቆያል። መጀመሪያ ቫልቭ የሚያውቅ ጠጋኝ ኮንደንሰሮቹን ይፈትሽ፣ ቀስ አድርጎ ያስነሣው። ከዚያ አንድ ማይክ፣ ሳውንድ ካርድ፣ ሲግናሉን ወደ ጊታር መጠን የሚያወርድ ትንሽ ሳጥንና ላፕቶፕ ይበቃሉ። ሦስት ደቂቃውን ቅዱ፤ ማዞሪያዎቹ የቆሙበትን ቁጥር፣ የማይኩን ርቀት፣ የሶኬቱን ቮልቴጅ፣ አምፑ የማን እንደነበረና በየትኛው ባንድ እንደተጫወተ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከፋይሉ ጋር አስቀምጡ። ማዞሪያዎቹን ደግሞ ባለቤቱ ሲጫወትበት የነበረበት ቦታ ላይ አድርጎ እንዲያስቀምጥ እሱን ራሱን ጠይቁት፤ እጁ ያስታውሳል።